ያልተቆረጡት ዳሊያዎች

ፀሐይዋ መጋረጃውን አልፋ ገብታ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች፣ ሌንሳ ደግሞ እንቅልፍ የሚባለው ነገር ከተለያት ቆይቷል፤ ሌሊቱን ሙሉ የአረጋውያን መጦሪያውን ኮሪደር ስታጥብ አድራ፣ በጠዋቱ ብስክሌቷን እየገፋች መጥታ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ አልጋዋ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው ስልኳ ጢን ያለው፤ ያን ድምፅ ባልሰማሁ ትላለች አሁን፣ ወዲያው ደግሞ፣ እስከ መቼ ነው ሳልሰማ የምኖረው ትላለች። እዚህ ሆላንድ በቀን ተኝቶ በሌሊት መሥራት ብርቅ አይደለም፣ እሺ ይሁን፣ ለምዳዋለች፤ ዛሬ ግን ዓይኗ አልከደን ያለው በብርሃኑ አይደለም። ስልኩን ደረቷ ላይ ደፍታዋለች። ብታነሳው ፎቶው አለ፣ ባታነሳውም አለ።

ፎቶውን የላከችላት ማሂ ነች፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእናቷ ጋር ግድግዳ የምትጋራ፣ ሜክሲኮ አንድ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ቫይበር ካስገባች ወዲህ ያየችውን ሁሉ ካላነሳሁ የምትል ደግ ሴት። «ሌንሲዬ፣ የላክሽላቸው አበባ እንዴት እንዳበበ እዪልኝ፣ ፎቃችን እኮ አማረበት» ብላ ጽፋለች፣ ከሥሩ ቀይ ቀይ ልብ ደርድራ። የእናቷ የወለተሰንበት በረንዳ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፤ የቀለም ቆርቆሮዎቹ በተርታ ቆመዋል፣ ዳሊያዎቹ ከብረቱ በላይ ዘልቀዋል፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ጫፍ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ተሰጥቷል፣ ጥላ ይሁን ቀሚስ አይለይም። ሌላ ሰው ቢሆን ቀዩን አይቶ ደስ ይለው ነበር። ሌንሳ ያየችው ግን ቡናማውን ነው። በየአገዳው ላይ ፈክቶ ያለፈ፣ አንገቱን የደፋ፣ የበሰበሰ አበባ አለ፤ ከእሱ በታች ከዚያ ቀደም ያለፈው ጠቁሮ ደርቋል፤ በመሃል በመሃል አገዳቸው ያጠረ፣ ፊታቸው ያነሰ ጥቂት ቀዮች ብቅ ብቅ ብለዋል፣ ማሂ አማረ ያለችው እነሱን ነው። ይህን ተክል ክረምቱን ሙሉ ምላጭ አልነካውም። ሌንሳ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ብትስበውም አልሞቃት አለ።

እናቷን ታውቃታለቻ። ወለተሰንበት አበባ የምትተክለው ለግቢ አይደለም፣ ለቤት ነው። ሠፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሳይሆን በፊት፣ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ የጎረቤቱ ሁሉ አበባ ከአጥር ውጪ ሲፈስ የእነሱ ግቢ በየቅዳሜው ጠዋት ይራቆት ነበር፤ ምነው ወለተሰንበት፣ እንዲህ ያማረውን ትመለምይዋለሽ ሲሏት፣ ግቢውን የሚያየው መንገደኛ ነው፣ ቤቴን የማየው እኔ ነኝ ትላለች። ፀሐይዋ ሳትበረታ ትወጣለች፣ በአንድ እጇ ባልዲ ውሃ፣ በሌላው ምላጭ፤ ጽጌረዳውን በእምቡጡ፣ ዳሊያውን ግን ከፈነዳ በኋላ፣ ምክንያቱም ዳሊያ በእምቡጡ ከተቆረጠ ተኮራምቶ ይቀራል እንጂ ቤት ገብቶ አይፈካም፤ አገዳውን ሰያፍ አድርገሽ፣ ወደ ታች ጠለቅ ብለሽ፣ አትሳሺ ሌንሴ፣ በቆረጥሽው ቁጥር ነው የሚሰጥሽ፣ ከተውሽው ዘር ልያዝ ይልና ይደክማል። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ትመለምላለች፣ ባልዲውን አልጋ ሥር ጨለማ ውስጥ እስከ ምሳ ታሳርፈዋለች፣ ከዚያ ነው የመስታወቱ ጆግ ታጥቦ አበባው ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው። ውሃውን መለወጥ የሌንሳ ሥራ ነበር፣ ስትረሳው የሚሸተው ሽታ አሁንም አፍንጫዋ ውስጥ አለ። በዚያ ቤት አበባ አገዳው ላይ አርጅቶ አያውቅም። ከአንድ ዓመት በቀር።

ያን ዓመት ማሰብ አትፈልግም። ይልቅ እሑዶቹን ታስባለች። ከተማው ዳር ማዘጋጃ ቤቱ ለነዋሪ የሚያከራየው የአትክልት ቦታ አላት፣ ሁለት አልጋ የምታህል መሬት፤ እሷን ለማግኘት ተራ ጠብቃለች፣ አጥርሽ ከጉልበት አይብለጥ፣ እሑድ ሞተር አታስነሺ፣ አረም ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር የሚል ደንብ ፈርማለች፣ ጎረቤቶቿ ድንችና ጎመን ሲተክሉ እሷ ዳሊያ ብቻ ተክላ አስቃቸዋለች። እንደ ድንች ያለውን ሥሩን የበረዶው ወራት ሳይገባ ከመሬት አውጥታ በጋዜጣ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ታሳድረዋለች። ዘንድሮ፣ ፋሲካ አካባቢ፣ ከሥሮቹ ከፍላ ለእናቷ ላከች፤ መጦሪያው ውስጥ ያሉ የአንድ ባልቴት ልጅ ለሥራ አዲስ አበባ ይበር ስለነበር በሻንጣው ይዞላት ሄደ። እናቷ ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ አበባ አልነበራትም፣ ጽጌረዳዎቹ ቆርቆሮ ውስጥ አልኖርም ብለው ደርቀዋል፤ ወንድሟ ሰላሁን አዝኖላት የፕላስቲክ አበባ ገዝቶ ቢያመጣ ወስዳ ሽንት ቤት አስቀምጣዋለች። ስለዚህ የዳሊያው ነገር የሦስቱም ደስታ ነበር። ከሐምሌ ወዲህ በየእሑዱ ሌንሳ ትደውላለች፣ ዛሬስ ምን ቆረጥሽ ትላለች፣ እናቷም ቀዩን ትላለች፣ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እያየሁት ነው። ሌንሳም የራሷን ቀይ በኪያር ጠርሙስ አስቀምጣ እያየች ነው የምታወራው። ከአንድ ሥር የወጣ አበባ በሁለቱም ቤት ገብቷል እያለች ነው ሳምንቱን የምትገፋው።

ገብቷል። የት ገብቷል፤ ያው በረንዳው ላይ በስብሶ። እናቴ ዋሸችኝ፣ ትላለች ሌንሳ፣ በየሳምንቱ ዋሸችኝ፤ በዚህ ዕድሜዋ፣ ረቡዕና ዓርብ የምትጾም ሴት፣ ስለ አበባ ምን ያስዋሻታል። አለመቁረጧን ብትናገር ምን ይመጣል። ይህን ብላ ሳትጨርስ ያ ዓመት መጣ። አባቷ ባጫ የሞተ ዓመት ነው። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ፣ ወንበሮቹ ወደ ቦታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ዳሊያው እንደ ሁልጊዜው ፈነዳ፣ ሌንሳም እናቷን ላስደስት ብላ ቅዳሜ ጠዋት ባልዲውን ይዛ ወጣች፤ ወለተሰንበት በጥቁር ቀሚሷ ከበሩ ሆና፣ ተዪው አለቻት፣ እሱ አፈር ገብቶ እኔ ቤቴን ላስጌጥ? ዓመቱን ሙሉ አንድ አገዳ አልተቆረጠም። አበባው ቆሞ አርጅቶ፣ ጠቁሮ፣ ረገፈ። ልክ እንደዚህ ፎቶ። ልክ እንደዚህ ነበር።

ቤቱ ሐዘን ላይ ነው። አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። እናቷ ባለፈው እሑድ አዋርታታለች፣ ስለዚህ እናቷ አይደለችም። ሰላሁን። ሰላሁንን መቼ ነው ያናገረችው? ግንቦት ነው፣ ዳሊያው ሊተከል ሲል፤ አፈር በጆንያ እየተሸከመ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ደውላ አግኝታው እያለከለከ ስቆባታል፣ አንቺ ሆላንድ ሆነሽ ባለአበባ ስትባዪ እኔን ኩሊ አደረግሽኝ፣ ጀለሶቼ እኮ ቤት የምንሠራ መስሏቸው ሲሚንቶው ስንት ገባ ይሉኛል፣ ብሏታል። እሷ ናት አፈሩ ጥልቅ መሆን አለበት ያለችው። ቆርቆሮው እስከ አፉ ይሙላ፣ አንድ ጆንያ አይበቃም ያለችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ፣ እናቷ እንደምትላት፣ ሰላሁን ፊልድ ነው። መሬት የሚለካ ሰርቬየር ስለሆነ ፊልድ መውጣቱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ቦረና ነው፣ ኔትወርክ የለም፤ ከዚያ ስልኩ ውሃ ገባበት፤ ከዚያ አዲስ ስልክ ሊገዛ ነው፤ እንቁጣጣሽ ላይ እንኳ፣ ሰላም በይልኝ ብሎሻል። እሷም እሺ አለች። ሥራ ፈላጊ ባለመሆኑ ደስ ብሏት እሺ አለች። ሳምንት መጥቶ ሳምንት ሲሄድ አንድም ቀን ልቧ ጠርጥሮ አያውቅም፣ ያስደነገጣት ይኸው ጭምር ነው፤ ወንድሟ ሞቶ እሷ እዚህ ዳሊያ ስታጠጣ ነበር።

ምናልባት አልሞተም። ምናልባት የእናቷ ጉልበት ታሞ በረንዳ አትወጣ ይሆናል፣ ምናልባት ምላጩ ጠፍቶ። ይህን ሁሉ ታስባለች፣ ማንንም አታሳምንም።

ለምን አልነገሩኝም አትልም፣ ያን ታውቀዋለች። መርዶ በስልክ አይነገርም። መጦሪያው ውስጥ ሰው ሲሞት ነርሷ ኮሪደር ላይ ቆማ ትደውላለች፣ አዝናለሁ፣ አባትዎ አሁን አረፉ ትላለች፣ ስልኩን ትዘጋለች፣ ወደ ቡናዋ ትመለሳለች፤ ሌንሳ መጀመሪያ ያየች ቀን መጥረጊያው ከእጇ ወድቋል፣ በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ብቻውን ቢሆንስ ብላ። አገሯ ላይ ግን በማለዳ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ተዘጋጅቶ፣ ውሃ ተቀድቶ ነው የሚነገረው። እሷን እዚህ ማን ይይዛታል? በዚህች ከተማ ሐበሻ የለም። ካሉም አታውቃቸውም። ይህን ግን እናቷ አታውቅም፤ እናቷ የምታውቀው ዘሀራን ነው።

ዘሀራ የለችም። ዘሀራን የፈጠረቻት ሌንሳ ራሷ ነች፣ በመጀመሪያው ብርድ፣ እናቷ በስልክ፣ ብቻሽን ነሽ ወይ እያለች ስታለቅስባት፤ አይ፣ አንዲት የጅማ ልጅ አለች፣ አብረን ነው የምንኖረው አለች፣ ስሟንም ልጅ ሳለች ጠመንጃ ያዥ ሠፈር ልብስ ከምትሰፋላቸው ሴት ወሰደችላት። አንዴ ከተፈጠረች በኋላ ማን ያቆማታል፤ ዘሀራ ሥራ አገኘች፣ ዘሀራ ጉንፋን ያዛት፣ ዘሀራ ሳቂታ ነች፣ ዘሀራ ሩዝ ስትሠራ አያድርስ ነው። ያ ዳሊያውን ያደረሰው ፈረንጅ ሲመለስ እናቷ ሁለት ላስቲክ በርበሬ ልካለች፣ አንዱ የዘሀራ ተብሎ በክር ታስሮ፤ ሌንሳ የራሷን ጨርሳ የዘሀራንም በልታለች። እና ክረምቱን ሙሉ እናቷ ምን ነበር የምትለው? የዘሀራን ስልክ ስጪኝ። ላመስግናት፣ አንድ ቀን ድምፅዋን ልስማ። ልበ ጠንካራ ናት? ሰው ሲያለቅስ አብራ ትረበሻለች ወይስ ትረጋጋለች? ሌንሳ ይህን ስትሰማ እናቴ አረጀች ብላ ሳቀች። ሥራ ላይ ነች እማዬ፤ ስልኳ ተበላሽቶ፤ ቁጥር ልትለውጥ ነው። አሁን ነው የምታየው፤ እዚያ ሰላሁን ፊልድ ሲወጣ እዚህ ዘሀራ ሥራ ስትገባ፣ የእሱ ስልክ ውሃ ሲገባበት የእሷም ሲበላሽ፣ ሁለት ሴቶች የሌሉ ሰዎችን ሲሸፋፍኑ ክረምቱ አለፈ። እናቷ መርዶውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፣ የምትከፍትላት ዘሀራ ነበረች፣ ዘሀራ ደግሞ የለችም።

ደወለች። የመደወያ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ረጅም ነው፣ ሁለቴ ተሳሳተች። ሦስተኛው ጠራ።

«ሌንሴ? ምነው ልጄ፣ ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እንዴ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። ናፍቀሽኝ ነው።» ድምፅዋ ደህና ነበር፣ ራሷ ገረማት። «ቅዳሜ ስለሆነ፣ አበባ ትቆርጪ ይሆናል ብዬ።»

«ቆረጥኩ እንጂ። አሁን ገባሁ።»

«ቀዩን?»

«ቀዩን።»

«ጠረጴዛው ላይ ነው?»

«እያየሁት ነው» አለች ወለተሰንበት።

ማሂ ፎቶ ልካልኛለች ልትላት አፏን ከፍታ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ያለው ታያት፤ እናቷ፣ ልጄ ብቻዋን አልጋዋ ላይ ሆና ከስልክ ላይ አየችው ብላ፣ ክረምቱን ሙሉ የተሸከመችው ከንቱ ሆኖ፣ በዚያ በረንዳ ፊት ስትቀመጥ። ማሂንም ዕድሜ ልኳን ይቅር አትላትም። ይህን ማድረግ አልቻለችም። ሳታስበው ሌላ ነገር ከአፏ ወጣ።

«እማዬ፣ ዘሀራ ዛሬ ሥራ የላትም። እዚህ አጠገቤ ነች።»

በወዲያኛው በኩል ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«አጠገብሽ?»

«አጠገቤ ነች። ሰላም ልበላቸው እያለች ነው።»

«እንግዲያው ስጫት። አንቺ ትንሽ ወጣ በይ ሌንሴ፣ እኔና እሷ እንጫወት። እምቢ እንዳትዪ።»

ሌንሳ ስልኩን ከቀኝ ጆሮዋ ወደ ግራው አዛወረችው። ሌላ ምን ታድርግ። ተነስታም በሩ ጋ ሄዳ ከፍታ ዘጋችው፣ ድምፁ እንዲሰማ።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ» አለች። ድምፅዋን ልታወፍረው ነበር፣ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

በስልኩ ውስጥ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር የባቡር መንገዱን የሚቆፍረው መኪና ጩኸት ይሰማል፣ አንድ ሰው ደረጃ ላይ ይጣራል። ወለተሰንበት የልጆቿን ሳል በግድግዳ ውስጥ የምትለይ ሴት ነች፤ ሌንሳ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

«ዘሀራ?» አለች እናቷ በመጨረሻ።

«አቤት።»

«ወጣች?»

«ወጥታለች።»

«እንግዲህ ስሚኝ የኔ ልጅ። ይህን ላንቺ መጣል አይገባኝም ነበር፣ ግን ሰው የለኝም።» ድምፅዋ የሚንቀጠቀጥ አልነበረም፣ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ የተለማመደችው ይመስላል። «ወንድሟ ሰላሁን አርፏል። በሰኔ ሚካኤል ማግስት። ራቱን በልቶ፣ እየቀለደ ተኛ፣ ጠዋት አልነሳ አለን። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ፣ ከዱሮም የነበረበት ነው አሉ፣ እኛ መቼ አወቅን። በወጉ ተቀብሯል፣ አርባውም ወጥቷል፣ ሠፈሩ ሁሉ ነው የቀበረው። ሰማሽኝ?»

ሌንሳ የአልጋውን ብረት ይዛለች። «ሰማሁ እማማ።»

«አሁን እንዲህ አድርጊ። ክፍሏ ውስጥ አበባ አይጠፋም፣ አውቃታለሁ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ አስቀድመሽ እሱን አውጪው፣ እያየችው እንዳትነግሪያት። ውሃ ቅጂ። ከዚያ አስቀምጫትና ንገሪያት፣ ቆማ እንዳትሰማ። ትጮኻለች፤ ትጩህ፣ አትከልክያት፣ ፊቷን እንዳትቧጭር ብቻ እጇን ያዢልኝ። አንድ ነገር ደግሞ አለ። አፈሩን ትላለች። አፈር አሸክሜ ገደልኩት ትላለች። አፈሩ አይደለም። እንዲህ በያት፤ እናትሽ አፈሩ አይደለም ብላለች፣ እየሳቀ ነው የተሸከመው፣ ደረጃው ላይ እየዘፈነ ነው የወጣው ብላለች በያት።»

«እሺ» አለች ሌንሳ። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ አንገቷ ውስጥ ይገባ ነበር፣ አፏን ግን በእጇ ይዛዋለች፣ ድምፅ እንዳይወጣ።

«አይዞሽ» አለች እናቷ። ቀጥሎም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከእንቅልፉ የሚነቃ ሕፃን እንዳለ ያህል፣ «አንቺስ ልጄ? እሷን አንቺ ትይዣታለሽ፤ አንቺን ማን ይይዝሻል?» አለች።

ሌንሳ ያን ጊዜ እናቷ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እንዳወቀቻት ገባት። እናቷም ሌላ መንገድ ስለሌላት ነው የቀጠለችው።

«ሌንሳ አለችልኝ፣ እማማ» አለች።

«አለችልሽ?»

«አለችልኝ።»

«ይሁን» አለች ወለተሰንበት። «በይ አበባውን አውጥተሽ ነይ። ስልኩን አልዘጋውም።»

ዳሊያዎቹን ከጠርሙሱ አወጣቻቸው፣ ትናንት ከሰዓት የቆረጠቻቸው ነበሩ፣ ገና ትኩስ፤ ውሃው በክንዷ ላይ እየወረደ፣ ስልኩ ትከሻዋና ጆሮዋ መሃል ተጣብቆ፣ በባዶ እግሯ ደረጃውን ወረደች። የአትክልት ቆሻሻ የሚጣልበት አረንጓዴ ሳጥን በቁልፍ ነው የሚከፈተው፣ ቁልፉ ፎቅ ላይ ቀርቷል። ከሳጥኑ አጠገብ ግድግዳውን አስደግፋ አስቀመጠቻቸው። አንድ ብስክሌት የሚያስር ሰው አያት፣ ሰላም አላት፣ እሷም በቋንቋው መለሰችለት። ተመልሳ ወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ ከቧንቧው ውሃ ቀዳች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ገባሽ?» አለቻት እናቷ።

«ገባሁ፣ እማዬ።»

ወለተሰንበት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።